ቅጂው በስሙ ይሸጥ



ዛሬ የምናገረው ስለ ነሐስ ግዢ ነው። ርእሱ ሩቅ የሚመስለው የፍኖተ ሰላም ወይም የቡሬ ሰው ካለ፣ ከደብሩ ይጀምር። በማኅሌት የምንሰማው ጸናጽል፣ ዕጣን የሚጤስበት ጽና፣ የመቋሚያው ራስ፣ ቃጭሉ፣ ታቦቱን የሚያጅበው የመጾር መስቀል፣ ቄሱ የሚያሳልሙን የእጅ መስቀል፣ አብዛኛው ከነሐስ የተሠራ ነው። አሮጌው ሲሰበር፣ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ፣ የሰበካ ጉባኤው ሰዎች ገንዘብ ይዘው ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ይወጣሉ። ውጭ አገር ያለው የአገር ልጅ ስለቱን ለተጠመቀበት ደብር በመስቀል ልክፈል ይላል። ሆቴል የሚከፍተው ሰው በር ላይ የሚያቆመው አንበሳ ይፈልጋል። ከተማ ደግሞ ለአርበኞቹ ሐውልት ኮሚቴ ያቋቁማል። እነዚህ ሁሉ የነሐስ ገዢዎች ናቸው፤ የሚገዙትም አዲስ ተሠርቶ የቀድሞውን የሚመስል ሥራ፣ ማለትም ቅጂ ነው።

ቅጂ መግዛት አያሳፍርም። የሚያሳፍረውም የሚጎዳውም ቅጂን ጥንታዊ ነው ብሎ መሸጥ ነው፤ ጥንታዊ ነው ሲሉን ደስ ብሎን መግዛታችን ደግሞ የባሰ ጉዳት ያመጣል። ቅጂው በስሙ ይሸጥ፤ በሠራው ሰው ስምና በተሠራበት ዓመት እንግዛው። የመጣሁት ይህን ለማለት ነው፤ እንዴት እንደሚገዛም የማውቀውን ላካፍላችሁ።

ነሐስ ማፍሰስ ለአገራችን የቆየ ሙያ ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና በአክሱም ባስቀረጸው የድል ጽሑፍ፣ አንድ የወርቅ፣ አንድ የብርና ሦስት የነሐስ ምስሎች ማቆሙን ይነግረናል። ምስሎቹ ዛሬ የሉም። እ.ኤ.አ. በ1906 አክሱምን ያጠናው የጀርመን ቡድን ግን አንድ ትልቅ የብረታ ብረት ሐውልት ቆሞበት የነበረ ጠፍጣፋ ድንጋይ አይቶ መዝግቧል። በድንጋዩ ላይ ያለው የእግር ማረፊያ ርዝመቱ 92 ሳንቲ ሜትር ነው። እግሩ ይህን ካከለ፣ ቁመቱ ከአምስት ሜትር የማያንስ ሐውልት ነበረ ማለት ነው። ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአፄ ቴዎድሮስ ሠራተኞች ሴባስቶፖልን አፍስሰዋል፤ ወደ 7 ቶን የሚመዝን የነሐስ መድፍ ነው። መድፉ በ1860 ዓ.ም. ተጎትቶ መቅደላ ወጣ፤ አሁንም እዚያው ነው። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የምታዩት ቅጂው ነው። ዋናው ይህ ነው ብሎ የዋሸ የለም፤ ስለዚህ በዚያ ቅጂ የተታለለ ሰውም የለም። ልጆቻችን አደባባዩ ላይ ቆመው ታሪካቸውን ይማሩበታል፤ ዋናውም መቅደላ ላይ በቦታው ይቆያል። ጥሩ ቅጂ የሚሠራው ሥራ ይህ ነው።

አሁን ወደ መስቀሉ ልምጣ። ደኅና መስቀል የሚፈሰው በሰም ነው፤ ሰሙ ደግሞ ከእኛው ማር ጋር የሚወጣ ነው። ጠጁ ተጥሎ ሲጣራ የሚቀረው ሰፈፍ ይቀቀላል፣ ይጠለላል፣ ሰም ይሆናል። ሠሪው መስቀሉን አስቀድሞ በሰም ይሠራዋል፤ ሐረጉን፣ ቀዳዳውን፣ በየጫፉ ያሉትን ትናንሽ መስቀሎች ሁሉ ሰሙ ላይ ይጨርሳል። ከዚያ በላመ ጭቃ ይለብጠውና መግቢያና መተንፈሻ ቀዳዳ ይተውለታል። ጭቃው ደርቆ እሳት ሲያገኘው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በቀረው ባዶ ቦታ በወናፍ የቀለጠ ነሐስ ይፈስበታል። መዳብ ብቻውን የሚቀልጠው በ1,085 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው፤ ዚንክ ወይም ቲን ሲገባበት ከዚያ ዝቅ ባለ ሙቀት ይቀልጣል። ሲበርድ ጭቃው ይሰበራል፤ መስቀሉ ይወጣል፤ ሞረዱ ሥራውን ይጀምራል። የቅኔ ቤቱ ዋሸራ ባለበት አገር ላይ ቆሜ ሰምና ወርቅ ከየት እንደመጣ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ለገዢ የሚጠቅመው ነገር ግን ይህ ነው፤ ሰሙም ጭቃውም የሚያገለግሉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በዚህ መንገድ የተሠሩ ሁለት መስቀሎች ፈጽሞ አንድ ዓይነት አይሆኑም። ሱቅ ውስጥ ተደርድረው በአንዱ ላይ ያለው ጭረት በሌላውም ላይ በዚያው ቦታ ከተገኘ፣ ከአንድ ናሙና የተባዙ ናቸው።

የማባዣው መንገድ የአሸዋ ፎርማ ነው። ያለቀ ዕቃ በሁለት ሳጥን አሸዋ መካከል ይጫናል፣ ይወጣል፣ በቅርጹ ላይ ነሐስ ይፈሳል። ፈጣንና ርካሽ ነው፤ ደሃ አጥቢያም መስቀል እንዲያገኝ ያደርጋል፤ በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም። ምልክቱ በጠርዙ ዙሪያ የሚሄደው የሁለቱ ሳጥኖች መጋጠሚያ መስመር ነው፤ ሞረድ ቢያጠፋውም በሐረጉ ውስጥ ቀዳዳ ለቀዳዳ ብታዩ አንድ ቦታ ታገኙታላችሁ። ደግሞም ነሐስ ሲበርድ በመቶ አንድ ተኩል እስከ ሁለት ያህል ይኮማተራል። ስለዚህ ከቅጂ የተቀዳ ቅጂ ከመጀመሪያው ጥቂት ያንሳል፤ መስመሩም ይደፈናል። በአውሮፓ ይህን በካሊፐር ለክተው ይደርሱበታል። በፓሪስ የቀራጺው የሮዳን ሙዚየም እስከ ዛሬ ድረስ የሮዳንን ሥራዎች ከዋናው ፎርማ ያስፈስሳል፤ ከአንድ ሥራ ግን ከ12 በላይ አይፈቀድም፤ እያንዳንዱም ቁጥሩና የአፍሳሹ ቤት ምልክት ይቀረጽበታል። ሠሪው እ.ኤ.አ. በ1917 ካረፈ በኋላ የወጣ ነሐስ ሆኖ እንኳ ክብሩ አልተነካም፤ ስንተኛው እንደሆነ፣ መቼና የት እንደተፈሰሰ ሥሩ ላይ ተጽፏልና።

በእኛ አገር መስቀል ላይ ግን የሚጻፈው የሰጪው ስም ነው። መስቀሉን ያሠራው መኮንን ወይም ባላባት፣ ነፍሱ እንድትማር የተለመነለት ምእመን በዘንጉ ሥር ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ ሰሙን የቀረጸው ሰው ስም የለም። ይህ ያለምክንያት አልሆነም። እዚህ በእኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውን፣ ሸማ የሚሸምነውን ለዘመናት ስንሰድብ ኖረናል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ሠሪው ስሙን በኩራት እንዲያሳርፍ ያላደረግነው እኛ ነን፤ ዛሬ ስም የሌለውን አዲስ መስቀል አጭስቶ የአምስት መቶ ዓመት ነው ለማለት የሚመቸውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ መስቀል ስታሠሩ ሠሪውን ስሙን፣ ከተማውንና ዓመተ ምሕረቱን በዘንጉ ውስጠኛ ክፍል እንዲቀርጽበት ጠይቁት። የሰጪውም ስም በዚያው ይግባ። ዓመቱን ለመጻፍ የሚያንገራግር ሻጭ ካጋጠማችሁ ለምን እንደሆነ አስቡበት።

ከሁሉ የምፈራው የሚቀጥለውን ነው። አንድ ሻጭ ከሸማ ስር አውጥቶ «ይህ ጥንታዊ ነው፤ ከአንድ ገዳም የወጣ ነው» ቢላችሁ ሁለት ነገር ብቻ ነው ሊሆን የሚችለው። ወይ ይዋሻል፤ ያን ጊዜ የወር ዕድሜ ያለውን ነሐስ በብዙ ዋጋ ገዝታችኋል። ወይ እውነቱን ነው፤ ያን ጊዜ የአንድን ደብር ንዋየ ቅድሳት ከሌባ ተቀብላችኋል። ሦስተኛ መንገድ የለም። ደብር መስቀሉን አይሸጥም፤ ካህኑ ቢቸግረው እንኳ የሕዝብ አደራ ነው እንጂ የእርሱ ሀብት አይደለም።

የላሊበላን አፍሮ አይገባ መስቀል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ ጠፋ። በኋላ ቤልጅየም ውስጥ ተገኘ፤ በእጁ የተያዘው ሰው በ25,000 የአሜሪካ ዶላር ገዝቼዋለሁ አለ። በ1993 ዓ.ም. ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። በእነዚያ ዓመታት ለሕሙማን ሲዳሰስበት የኖረው መስቀል በሰው አገር ሻንጣና ካዝና ውስጥ ነበር። የትግራዩ የጨለቆት ሥላሴ ዘውድም እንዲሁ ነው። በሆላንድ የሚኖረው ሲራክ አስፋው እ.ኤ.አ. በ1998 በቤቱ እንግዳ ሻንጣ ውስጥ አይቶት አልለቅም አለ፤ 21 ዓመት ያህል ሸሽጎ ጠብቆ፣ በ2012 ዓ.ም. ለአገሩ አስረከበ። ሲራክ ሊገዛው አልፈለገም፤ ሊሸጠውም አልፈለገም። አንድ ሰው እንቢ ስላለ ነው ዘውዱ የተገኘው። እኛ ደግሞ በምዕራብ ጎጃም ገጠር ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት እናስብ፤ በሣር ክዳን ስር፣ በአንድ የእንጨት ቁልፍና በአንድ ሽማግሌ ዐቃቢት ወይም ዐቃቢ የሚጠበቁ ብዙ ናቸው። ጸጥታ ሲደፈርስ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው እንዲህ ያለው ቅርስ ነው። ጥንታዊ ነገር የሚወድ ገዢ ባይኖር ኖሮ በሌሊት ዕቃ ቤት የሚሰብረው ሌባ ለማን ይሸጠው ነበር?

ታዲያ ዕቃው ፊታችሁ ሲቀርብ እንዴት ታዩታላችሁ? በመጀመሪያ ገልብጡት። ፊቱ ለገዢ የተዘጋጀ ነው፤ እውነቱ ያለው ከሥሩና ከውስጡ ነው። ቀጥሎ በእጃችሁ መዝኑት። ነሐስ ከውኃ ከስምንት እጥፍ በላይ ይከብዳል፤ ቀለም የተቀባ ዚንክ ከዚያ ጥቂት ይቀላል፤ የነሐስ ዱቄት የተቀላቀለበት ረዚን ደግሞ በጣም ይቀላል። ዛሬ ከውጭ የሚገቡት የአንበሳ፣ የፈረስና የመልአክ ምስሎች ብዙዎቹ ይህ የመጨረሻው ናቸው፤ ውጫቸው ነሐስ፣ ውስጣቸው ፕላስቲክ። አንዳንዱ ክብደት እንዲያገኝ ሆዱ በሲሚንቶ ወይም በአሸዋ ይሞላል። ጠዋት በብርድ ጊዜ ንኩት፤ ነሐስ እጅን ወዲያው ያቀዘቅዛል፤ ረዚን ግን ቶሎ ይሞቃል። በጥፍር መታ አድርጉት፤ ነሐስ ይጮኻል፣ ድምፁም ይቆያል። ጸናጽል የሚገዛ መሪጌታ ይህን ከእኔ የበለጠ ያውቃል፤ የካህንን ጆሮ የሚያታልል ጸናጽል ገና አልተሠራም። ማግኔት አስጠጉ፤ ከያዘ ውስጡ ብረት አለ። ማግኔት አለመያዙ ብቻውን ግን ነሐስነቱን አያረጋግጥም፤ ዚንክንም ረዚንንም አይዝምና። ሻጩ ከፈቀደ በማይታይ ቦታ ከሥሩ በቢላ ጫፍ ጫር አድርጉ። ቀይ ወይም ወርቃማ ከታየ መዳብ ያለበት ነው፤ ግራጫና ነጭ ከታየ ዚንክ ነው።

መዳብና ቲን ሲዋሐዱ የሚወጣውንም፣ መዳብና ዚንክ ሲዋሐዱ የሚወጣውንም ገበያው ነሐስ ይለዋል። የመጀመሪያው ቡናማ፣ ጠንካራና ለአደባባይ የሚመች ነው፤ ሁለተኛው ቢጫ፣ የሚያብለጨልጭና ለመሥራት የሚቀል ነው። በአገራችን የሚፈሰው መስቀል ከጥይት ቀለህ፣ ከአሮጌ ቧንቧ ራስና ከመኪና ዕቃ ከተሰበሰበ ቁርጥራጭ ስለሚሠራ አብዛኛው ሁለተኛው ነው። ይህ ነውር አይደለም። ግን ጽዋና ዕርፈ መስቀል ሲሆን ተጠንቀቁ፤ ያልተለበጠ መዳብ ወይም ነሐስ ወይንና ሎሚን የመሰለ ኮምጣጣ ነገር ሲያገኝ አረንጓዴ መርዛም ዝገት ያወጣል። ውስጡ በብር ወይም በወርቅ ካልተለበጠ ለቅዱስ ቁርባን አትግዙት።

ስለ እርጅና የሚዋሹትንም ለዩ። ዘመን የጎበኘው መስቀል የሚያልቀው እጅና ጨርቅ በሚነካው ቦታ ነው፤ ዘንጉ የሚሰካበት ቦታ ይሳሳል፣ ሕዝቡ የሚሳለመው ጠርዝ ይለሰልሳል፣ ማንም የማይነካው ጥጋት ግን እንደተሠራ ይቀራል። ሆን ተብሎ እንዲያረጅ የተደረገ ግን ሁሉ ቦታ እኩል ያረጀ ነው። በሎሚ፣ በጨውና በኮምጣጤ የወጣ አረንጓዴ በጥፍር ሲፍቁት እንደ ዱቄት ይረግፋል። በጭስ የጠቆረ ደግሞ በነጭ ጨርቅ በዘይት ቢታሽ ጥቀርሻው ይለቅቃል። ከተሰበረ በኋላ የተጠገነ ዕቃ ሲያቀርቡላችሁ ስብራቱን እዩ፤ አሮጌ ስብራት ጥጋጥጉ ሁሉ ጠቁሯል፤ የትናንት ስብራት ያበራል። ይህን ሁሉ አይታችሁ አሁንም እውነተኛ ጥንታዊ ነው ብላችሁ ካመናችሁ፣ ዋጋ አትጠይቁ፤ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትና ለሀገረ ስብከቱ አስታውቁ።

ሕጉም ከዚህ ጋር ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ከውጭ ለመጡ ልጆቻችሁ ይህን ንገሯቸው፤ የገዙት መስቀል አዲስ ቢሆንም ጥንታዊ የሚመስል ከሆነ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይያዛል። ከመሄዳቸው በፊት አዲስ አበባ ወደ ቅርስ ባለሥልጣን ወስደው ያስመርምሩትና ማረጋገጫ ይያዙ። የሠሪው ስምና ዓመቱ የተቀረጸበት መስቀል፣ ከደረሰኝ ጋር፣ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ብዙ ክርክር አያመጣም።

የተገዛውን ስለ መጠበቅ ጥቂት ልበል። በየበዓሉ በሎሚና በአመድ መፈግፈግ ይብቃ። ያብለጨልጫል፤ ነገር ግን በየዓመቱ ከሐረጉ ላይ ጥቂት ይወስዳል። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ማንሳት፣ አልፎ አልፎ በስሱ ንጹሕ ሰም ቀብቶ ማሸት ይበቃዋል። በእውነት አሮጌ የሆነውን መስቀል ደግሞ ባለሙያ ሳያየው ምንም አትቀቡት።

በመጨረሻ ስለ አደባባይ ሐውልት። ከደምበጫ እስከ ቡሬ ባለው መንገድ በ1933 ዓ.ም. አርበኞቻችን ከጣሊያን ጋር የተዋጉበት መሬት ላይ ነው ያለነው፤ ሐውልት ይገባቸዋል። ነሐስ ከተባለ ግን ነሐስ ይሁን። የአፄ ምኒልክ የፈረስ ሐውልት ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ጣሊያን ነቅሎ ቀበረው፤ ከነፃነት በኋላ ከአፈር ወጥቶ በቦታው ቆመ፤ ዛሬም አለ። ፈረንሳዊው ጆርጅ ጋርዴ የሠራው የለገሃሩ የይሁዳ አንበሳም ወደ ሮም ተጭኖ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሷል። ፋይበር ግላስ እንዲህ ያለ መከራ አይችልም፤ የደጋው ፀሐይና ዝናብ ብቻውን በጥቂት ዓመታት ቀለሙን ይልጠዋል። በፋይበር ግላስ ማሠራት ጥፋት አይደለም፤ በፋይበር ግላስ ዋጋና ስም እስከሆነ ድረስ። ጥፋቱ የነሐስ ቀለም ለተቀባ ፋይበር ግላስ የነሐስ ክፍያ መክፈል ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው ውል ሲጽፍ የውሕዱን ዓይነት፣ የግድግዳውን ውፍረት በሚሊ ሜትር፣ የጠቅላላውን ክብደት ያስገባ፤ ሲረከብም ያስመዝን። የሸክላ ናሙናው የአርበኛውን መልክ በሚያውቁ ሽማግሌዎችና ቤተ ዘመዶች ፊት ይጽደቅ፤ ነሐስ ከፈሰሰ በኋላ አፍንጫ አይታረምም። የውስጡ ድጋፍ ተራ ብረት አይሁን፤ ብረት ነሐስን ነክቶ እርጥበት ሲያገኝ ቶሎ ተበልቶ ያልቃል፤ የማይዝግ ብረት ይጠየቅ፤ ከሥሩም የዝናብ ውኃ መውጫ ይተውለት። ክፍያው በአንድ ጊዜ አይሁን፤ በናሙናው፣ በሰሙ፣ በተፈሰሰው ነሐስና በተከላው ይከፈል፤ በእያንዳንዱም ደረጃ አንድ የኮሚቴ አባል በሥራ ቤቱ ተገኝቶ ይይ። ፎርማው የማን እንደሆነም ይጻፍ። ብዙ ውል ይህን ይዘለዋል። ፎርማው በከተማው እጅ ካለ ሐውልቱ አንድ ቀን ቢጎዳ ዳግም ይፈሳል፤ በሠሪው እጅ ብቻ ከቀረ ግን የጀግናችሁ መልክ እናንተ ሳትጠየቁ ለሌላ ቦታ ሊሸጥ ይችላል።